የሙጫ አብሳዩ ስንብት

በቅሎዎቹ ቁልቁለቱን ሲይዙ ወጣቱ ጠራዥ ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ፣ የአባቶቹን ስም ለልጁ መቁጠር ጀመረ። አስቀድመው ድርብ መርፌ የሚባሉት ነበሩ፤ በግራም በቀኝም እጃቸው እየሰፉ፣ ሦስት ትውልድ ቢገልጠው አንዲት ቅጠል የማታፈተልክበት ጥራዝ ያወጡ ነበር። እርሳቸውን የተኩት ነጭ አውራ ጣት ቁርበቱን በጣታቸው ዳብሰው የእንስሳውን ዕድሜ ይናገሩ ነበር። ከነጭ አውራ ጣት የተማሩት ደግሞ የወጣቱ አያት ናቸው፤ ሰባት ሌሊት ይባላሉ። ጀርባው ሙጫ የተቀባ ትልቅ መዝገብ ሰባት ሌሊት በመጭመቂያ ሳያድር ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅምና ስሙ ከዚያ ወጣላቸው። የአገሩ ገዥ በአምስተኛው ቀን መልእክተኛ ልኮ ቢያስቸኩላቸው፣ «ለጌታህ ንገረው፤ ሙጫውን እኔም አላዘው፣ እርሱም አያዘው» ብለው ደጃቸውን ዘግተዋል።

«ገዥው አልገረፋቸውም?» አለች ፌንጣ። አራት ዓመቷ ነው፤ ስሙ የወጣላት በተቀመጠችበት ስለማትረጋ ነው።

«በስምንተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ወሰደ።»

«ያንተ ስምስ?»

«የእኔን ገና ሰው ያወጣልኛል» አለ አባቷ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«እኔ አውጥቼልሃለሁ» አለች ከኋላው የሙጫ አብሳዩ ሚስት። «ጉድጓድ አይምሬ! አንዱንም ሳታልፍ ነው እኮ የምትነዳው። ልጄ ጡት በያዘ ቁጥር አገጬን ይመታኛል።»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ግን ጭድ ላይ እንደተለኮሰ እሳት ቦግ ብሎ ወዲያው ጠፋ። ይህን ያስተዋለችው የወጣቱ ጠራዥ ሚስት ናት። የመዝገቡን እጥፋት ከእጥፋት በክር የምታያይዘው እርሷ ስለሆነች በቤቱ ሰፊዋ ትባላለች። ከእርሷ ትይዩ ሙጫ አብሳዩ ተቀምጧል። ቁመቱ ከሠረገላው ጋር አልስማማ ብሎ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሷል፤ ሎጋው ያሉትም ስለ ቁመቱ ነው። ሚስቱ የሰባት ወር ወንድ ልጃቸውን ታቅፋ ከጎኑ አለች።

ጸደይ በገባ ቁጥር ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ሠረገላ ይወጡ ነበር። እርጥቡ ወራት ሲያልፍ በየከተማው መዝገብ ቤት ያበጠውን ያቃናሉ፣ የላላውን ይሰፋሉ። ሎጋው ፌንጣን ትከሻው ላይ አውጥቶ የዛፍ አበባ ያስቀጥፋታል፤ ሴቶቹ ጅረት ዳር ፎጣ ዘርግተው ምሳ ያቀርባሉ። የዘንድሮው ጸደይም አበባውን አልነፈገም። ነገር ግን ከሠረገላው ኋላ የሎጋው ቤተሰብ ሁለት ሣጥኖችና አንድ የተጠቀለለ ፍራሽ በገመድ ታስረዋል። ወጣቶቹ ባልና ሚስት ሥራቸውን ፈጽመው ይመለሳሉ፤ እነ ሎጋው መዝገብ ከሚጠገንበት ከተማ አልፈው፣ በማግሥቱ ወደቡ ላይ መርከብ ይሳፈራሉ። ከባሕሩ ማዶ የሚጠብቃቸው የድንጋይ ፈለጣ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰባት ሌሊት አርፈው ወጣቱ የልጅ ልጅ በአለቅነት ወንበር በተቀመጠ በሁለተኛው ወር፣ የዚያ ከተማ መዝገብ ቤት ትልቅ የልደት መዝገብ አሠራ። ሰፊዋ ሰፋችው፣ ሎጋው ሙጫውን አብስሎ ጀርባውን ቀባ፣ ወጣቱ አለቃ በመጭመቂያ አስገብቶ በቀኑ አውጥቶ አደረሰው። እርጥቡ ወራት ሲመጣ መዝገቡ ጀርባውን ሰብሮ ቅጠሉን አራገፈ። ሙጫ በሁለት ምክንያት እንዲህ ይሆናል፦ አብሳዩ ካፈላው፣ ወይም ውስጡ ሳይደርቅ ከመጭመቂያ ከወጣ። ሕመማቸው አንድ ነው፤ አይቶ የሚለያቸው ባለሙያ የለም። ወጣቱ አለቃ ሰባት ሌሊት ማሳደሩን በባለሙያዎቹ ሁሉ ፊት መሰከረ። ሎጋው ደግሞ በዚያ ሰሞን ሚስቱ ወልዳ እንቅልፍ አልነበረውም። ስለዚህ ጥፋቱ የእርሱ ሆነ። አለቃው ማማሰያውን ከእጁ ተቀብሎ ወደ ካርቶን ቆረጣ አዛወረው። ሃያ ዓመት ምድጃውን ያልለቀቀ ሰው ሦስት ወር ካርቶን ቆረጠ፤ ከዚያም ስንብት ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ልጓሙን ትይዝልኛለህ? ክንዴ ዛለ» አለ ወጣቱ ጠራዥ፣ ዘወር ሳይል።

«በደስታ፣ አለቃ። እርስዎ ይረፉ።»

ሰፊዋ ይህን «እርስዎ» በሰማች ቁጥር መርፌ ጥፍሯ ሥር የገባ ይመስላታል። ይህ ሰው ባሏን ቢላ አያያዝ ያስተማረ፣ ሲያጠፋ ጆሮውን የቆነጠጠ ነው። ማማሰያው ከተወሰደበት ቀን ወዲህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ «አንተ» ብሎት አያውቅም።

ቀትር ላይ ከተማው ደረሱ። ሎጋው ከመዝገብ ቤቱ ደጅ ሲደርስ ወደ ውስጥ አልገባም። «እኔ በቅሎዎቹን ላጠጣ» አለ፤ ሰፊዋ ግን እግሩን የያዘው ዕፍረት እንደሆነ አላጣችውም።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ጫፉ በክር የታሰረ መነጽር ያደረጉ፣ ጣታቸውን የማኅተም ሰም ያቃጠላቸው ሽማግሌ ናቸው። መዝገቡን በሁለት እጃቸው እንደ ታማሚ ተሸክመው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«ይኸውላችሁ በሽተኛችሁ። ቅጠሉ እየወለቀ ልጆቹ ሁሉ ከገጽ ገጽ ይሰደዳሉ። ባለፈው ሳምንት የአናጢውን ልጅ ከዳኛው ሥር አገኘሁት። እናትየው ብትሰማ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሰፊዋ እየሳቀች ወስፌዋን አወጣች። የላላውን ክር ለመቁረጥ የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጠች። የመጀመሪያው መስመር በሹሙ የተስተካከለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ሴት፣ ተመዘገበች፤ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን።

እጇ ቀጥ አለ።

«አባባ፣ ይህ ቀን ትክክል ነው?»

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፤ «በዚህ ቤት ሰው ይሳሳት ይሆናል፤ ቀን አይሳሳትም። ባልሽ መዝገቡን ያመጣው በአሥረኛው ቀን ማታ ነው። በማግሥቱ ገና ደጁን ስከፍት ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ ቆሞ ነበር።»

ሹሙ ሌላ ባለ ጉዳይ ጠርቷቸው ወደ ጓዳው ገቡ። ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የእነ ጋሼ ልጅ ወሩ በገባ በስንት ተወለደ?»

«በአምስት፣ ጎሕ ሲቀድ። አንቺ አይደለሽ ያዋለድሽው?»

«ማታውን የመጨረሻውን እጥፋት እየሰፋሁ ነበር የጠሩኝ። መርፌውን ጥዬ ሮጥኩ። በአምስት ቀትር ላይ ተመልሼ ነው ቋጠሮውን ያሰርኩት። ሙጫውስ መቼ ተቀባ?»

«በማግሥቱ። በስድስት። ማታ መጭመቂያ አስገባሁት... ምንድነው ነገሩ?»

«ጣትህን አውጣና ሌሊቱን ቁጠር።»

ወጣቱ እንደ መቀለድ ፈገግ ብሎ ጣቱን ዘረጋ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። በአሥረኛው ቀን ማለዳ መዝገቡን ጭኖ ተነሥቷል። አራት ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ አምስተኛውን ሊያነሣ ሞከረና ተወው።

«አይሆንም» አለ። «ምሰሶው ላይ ሰባት መስመር ነበር። በዓይኔ በብረቱ ቆጥሬዋለሁ!»

በሰባት ሌሊት ቤት ሌሊት የሚቆጠረው በጠመኔ ነው። በየምሽቱ አንዳንድ መስመር በመጭመቂያው ምሰሶ ላይ ይሠመራል። አዲስ ሥራ የሚያስገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምሰሶውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ይህ ደንብ ከድርብ መርፌ ጀምሮ አልተሻረም። ትልቅ መዝገብ ሰባት መስመር ይጠብቃል፤ ለትንንሽ ደብተር ግን ሦስት ይበቃዋል።

«ሦስቱ የማን ነበሩ?» አለች ሰፊዋ።

ባሏ ያን ምሽት በልቡ መለሰው። መሽቶ ነበር። ከመጭመቂያው የትምህርት ቤቱን ደብተሮች አውጥቶ ትልቁን መዝገብ ብቻውን እየታገለ አስገባ። ጨርቁ ባልዲው ጠርዝ ላይ ነበር። ጨርቁን ማንሣቱን ሊያስታውስ ፈለገ፤ ትዝ አልለው አለ።

«የደብተሮቹ» አለ በመጨረሻ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ።

ሰፊዋም እፎይ ልትል ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይኸው፤ እውነቱ ወጥቷል፤ አሁን ሮጦ ይነግረዋል ብላ ጠበቀች። እርሱ ግን መዝገቡን ከደነና እጁን ላዩ ላይ ጫነ።

«ለማንም አትንገሪ።»

«ምን አልከኝ?»

«እነሱ እንደሆኑ ነገ ይሄዳሉ። ቤቱን አስረክበዋል፣ ዕቃው ታስሯል። ብናገር ምን ይመለሳል? አያቴ ካረፉ ዓመት አልሞላም። ከሰባት ሌሊት ቤት በአራት ሌሊት መዝገብ ወጣ ሲባል... ያውም በእኔ እጅ!»

«ጋሼ ሁለተኛ ሙጫ አላበስልም ብሎ ምሏል።»

«እኔ እኮ አልዋሸሁም። የማውቀውን ነው የመሰከርኩት።»

«ያን ጊዜ አልዋሸህም» አለች ሚስቱ። «ከአሁን በኋላ ዝም ካልክ ግን ትዋሻለህ።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪው!»

«አልነግረውም። ከእኔ አፍ ቢሰማው ማጽናኛ ይመስለዋል። ስሙን የወሰድክበት አንተ ነህ፤ የምትመልስለትም አንተው።»

ሽማግሌው ሹም ጉሮሯቸውን እያጸዱ ሲመለሱ ሁለቱም በየሥራቸው ላይ አቀረቀሩ። ሰፊዋ ክሩን በጣም አጥብቃ ስለሳበችው ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት።

የእንግዳ ማረፊያው በገበያው ዳር ነበር። ምሽቱ ገና ሳይጨልም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ዳቦና ትኩስ ሾርባ ቀረበ። ፌንጣ የሎጋው ጉልበት ላይ ወጥታ እንደ በቅሎ ታስጋልበዋለች።

«መዝገቡ እንዴት ሆኖ አገኛችሁት፣ አለቃ?» አለ ሎጋው፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ። «ሙጫው እንደ ብርጭቆ ነበር የተሰነጠቀው?»

ሰፊዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ ባሏን አየችው።

«ተጠግኗል» አለ ወጣቱ። «ምንም አይልም።»

«እኔ እኮ መጀመሪያ ተከራክሬ ነበር። አላፈላሁም ብዬ። በኋላ ሳስበው፣ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነበርኩ። ድስቱ ፊት ቆሜ አሸልቦኝ ይሆናል። አንዴ ብቻ ቡልቅ ካለ አለቀ፤ ሙጫ ይቅርታ አያውቅም። ሃያ ዓመት ያመንኩት እጅ ነው፤ አሁን ሳየው የሰው እጅ ይመስለኛል።»

ወጣቱ ጠራዥ የቆረሰውን ዳቦ ሳይጎርስ አስቀመጠው። አፉ ሲከፈት ሰፊዋ አየች። «እ... በቅሎዎቹን ልያቸው» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

የሎጋው ሚስት ሕፃኑን ይዛ ሰፊዋን ወደ ጓሮው ጠራቻት። የልጁን ልብስ ከገመዱ እያወረዱ ቆሙ።

«ያዥልኝማ፣ ከእናቱ በፊት ያቀፍሽው አንቺ ነሽ» አለች፣ ሕፃኑን እየሰጠቻት። «ሲያድግ ማን አዋለደኝ ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ባሕር ማዶ ያለች አንዲት ሰፊ እለዋለሁ?»

«ክፉ አክስት ነበረችህ በይው፣ እትዬ። ሲያለቅስ አብራው የምታለቅስ።»

«እኔ መሄዱን አልጠላሁትም» አለች ሴትዮዋ፣ ልብሱን እያጣጠፈች። «አገር ለቆ የኖረ ስንት አለ። የሚያስፈራኝ ሰውዬው ነው። ጥዋት ተነሥቶ እጁን ይዘረጋና ያየዋል። ልጁን ለማቀፍ እንኳ ‹አንቺ ያዢው፣ እኔ እጥለዋለሁ› ይላል። እኔ ድንጋይ ፈላጭ አላገባሁም፣ እህቴ። ሙጫ ሙጫ የሚሸት ኩሩ ሰው ነበር ያገባሁት።»

ቃሉ የሰፊዋ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ብትተፋት ይህች ሴት በዚያች ሌሊት ትተኛ ነበር። ሰፊዋ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ አንገቱን ሳመችው፤ ቃሉንም ዋጠችው። ይህን ማድረጓ ልክ ይሁን ስሕተት ዕድሜዋን ሙሉ አልተረዳችም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደቡ በጉም ተሸፍኖ ነበር። መርከቡ ሸራውን እንደ ጠቀለለ ይወዛወዛል፤ ሸክመኞች የሎጋውን ሁለት ሣጥኖች አስቀድመው አስገብተዋል። ከመሰላሉ ግርጌ አንድ ጸሐፊ በበርሜል ላይ ሰሌዳ አጋድሞ የተሳፋሪውን ስም በላባ ብዕር ይመዘግባል። ሰልፉ ረጅም ነው። ፌንጣ የሎጋውን ካፖርት ጫፍ ይዛ አልለቅም ብላለች።

«አንተም አብረኸን ተመለስ» አለችው። «ጉልበትህ አይቆረቁረኝም።»

«ቆርቁሮሽ ነበር ለካ! ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አለና ሊስቅ ሞከረ።

ተራቸው ደረሰ። ሎጋው ስሙን ተናገረ፤ ጸሐፊው ጻፈ።

«ሙያ?»

«ጉልበት ሠራተኛ።»

ሰፊዋ በአጠገቧ የቆመውን ባሏን አየችው። ሌሊቱን እንዳልተኛ ታውቃለች፤ እርሷም አልተኛችም።

«እንደሱ ብለህ አትጻፍ» አለ ወጣቱ ጠራዥ።

ጸሐፊው ቀና አለ። «አንተ ደግሞ ማነህ? ተሳፋሪ ነህ?»

«አይደለሁም። ሙጫ አብሳይ ብለህ ጻፍ።»

«ይተዉት፣ አለቃ» አለ ሎጋው በቀስታ። «ያ ሰው ሞቷል።»

«እኔ የሞተ ሰው አላሳፍርም!» አለ ጸሐፊው። «ቶሎ ወስኑ፣ ሰልፉ ቆሟል።»

ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። ወጣቱ ጠራዥ ባርኔጣውን አወለቀ። ሲናገርም በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ሁሉ ሰማው።

«ሙጫህ ደህና ነበር፣ ጋሼ። አላፈላኸውም፤ አላሸለበህም። ምሰሶውን ሳልጠርግ ነው ያስገባሁት። ሦስቱ መስመር የደብተሮቹ ነበሩ። አራት ሌሊት ብቻ አሳድሬ አወጣሁት። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ቀን ይመሰክራል። ማማሰያውን ከእጅህ የወሰድኩት በራሴ ጥፋት ነው።»

የሎጋው ሚስት «ወይኔ!» ብላ በአንድ እጇ አፏን ያዘች። ሎጋው ካፖርቱን ከፌንጣ እጅ ቀስ ብሎ አላቀቀና ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«ሙጫ አብሳይ» አለ።

ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ተሰማ። የመርከቡ ደወል ተደወለ። ሰፊዋ ሁለቱ ሰዎች ሲተቃቀፉ ለማየት ጠበቀች፤ ሎጋው ግን እጁን አልዘረጋም። የወጣቱን ፊት ትክ ብሎ አየው።

«መቼ አወቅህ?»

«ትናንት። ከቀትር በኋላ።»

«እራት ላይ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሎጋው ሕፃኑን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አቀፈው፤ መሰላሉንም መውጣት ጀመረ። ሚስቱ ሰፊዋን አንዴ አጥብቃ አቅፋ፣ ፊቷን በእንባዋ አርጥባ፣ ተከተለችው። ወጣቱ ጠራዥ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ መሰላሉ ግርጌ ሮጠ።

«በአራቱ ሌሊት ሳላውቅ ነው የተሳሳትኩት፣ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «በትናንቱ ሌሊት ግን እያወቅኩ ተሳሳትኩ።»